«ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»፦ አንድ የጅማ ሠርግ ኪቦርዲስት እንደሰማው

ኑሮዬ ጅማ ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ሠርግ ላይ ኪቦርድ መጫወት። እዚህ ከተማ ይሄ ሥራ ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ልንገራችሁ። የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም የምሰማው በዚያ ጆሮ ነውና።

አንድ ሠርግ ውሰዱ፤ የሙሽራው ቤተሰብ ኦሮሞ ነው። የሙሽሪት አባት ጉራጌ፣ እናቷ ዳውሮ። ሚዜዎቹ ዩኒቨርሲቲ የተዋወቁ የየአገሩ ልጆች ናቸው። ከቦንጋ የመጣች አክስት አለች፣ ከየም የመጣ አጎት አለ። ሁሉም መድረኩ ሥር እየመጣ «የኛን መቼ ነው የምትነካው?» ይለኛል። እኔም የጉራጌውን እለቃለሁ፤ አቧራው ሲጨስ ወደ ኦሮምኛው እሻገራለሁ፤ ከዚያ ወደ ወላይታው። ለያንዳንዱ የተዘጋጀ ምት ኪቦርዱ ውስጥ አለ። የኔ ድርሻ ቁልፍ መጫን ነው። «ሚክስ አድርጎ ገደለን!» ይሉኛል። እኔ ግን እውነቱን አውቀዋለሁ። የምሠራው ስፕሪስ ነው። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከመሃል፣ ፓፓያው ከላይ። ብርጭቆው አንድ ነው እንጂ አልተዋሃዱም።

ስለዚህ «የተለያዩ ባህሎችን ያዋሃደ አልበም» የሚል ነገር ስሰማ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ተዋሃደ ወይስ ተደረደረ? ከውጭ የሚመጡትን ብዙዎቹን «የዓለም ሙዚቃ» አልበሞች ስሰማ የራሴን ሥራ ነው የማየው። ከበሮ ከአንድ አገር፣ ጊታር ከሌላ አገር፣ ድምፅ ከሦስተኛ አገር። ሥራው የኔው ነው፤ ስቱዲዮው ብቻ ውድ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ የቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ግን ተዋህዷል። ሰባት ሥራ ነው ያለው፤ ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ዘፋኝ የለውም። ከአምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ግን እስካሁን እንዴት እንደሠራው ለማወቅ ጆሮዬን እየሰካሁ የምሰማው አልበም ነው።

ሰውየው የጅማ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ተወለደ። በልጅነቱ ምሕንድስና ይማር ተብሎ ወደ ዌልስ ተላከ። እዚያ ሙዚቃው በለጠበት። ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያ ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ። በርክሊ ከገቡት አፍሪካውያን የመጀመሪያው እሱ ነው። ከዚያ ኒውዮርክ። የኒውዮርኩ ዘመን ነው ለዚህ አልበም ቁልፉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተማዋ በላቲን ሙዚቃ የምትናጥበት ጊዜ ነበር። ሙላቱ ከፖርቶሪኮ ልጆች ጋር ገጠመና እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት ሸክላዎች አወጣ። እነሱንም ሰምቻቸዋለሁ። ደስ ይላሉ፤ ግን ላቲኑ ያይላል። እዚያ ላይ የኛ ዜማ እንግዳ ሆኖ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ከስድስት ዓመት በኋላ በመጣው በዚህ አልበም ግን ዜማችን ባለቤት ሆኗል። ኮንጋ የሚባለው በእጅ የሚመታ የኩባ ከበሮም፣ ሳክስፎኑም፣ ዋ-ዋ የሚለው ጊታርም እሱ ቤት የመጡ እንግዶች ናቸው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ሙያ ልግባ። ኪቦርድ የማትነኩ ታገሱኝ።

የሠርግ ኪቦርድ ግራ እጅ የሚባል ነገር አለው። በግራ እጃችሁ አንድ ኮርድ፣ ማለት አብረው የሚጫኑ ኖታዎች፣ ትይዛላችሁ፤ ማሽኑ ቤዙንም፣ ጊታሩንም፣ አጃቢውንም ራሱ ይጫወትላችኋል። ሜጀር ትዝታ የሚባለው ቅኝት ላይ ይሄ ነገር ጣጣ የለውም። ከዶ ከተነሳችሁ ኖታዎቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ዶ ሜጀር ኮርድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው። ልክክ ይላል። ለዚህ ነው ትዝታ ላይ ሁላችንም ጀግኖች የምንመስለው። አሁን ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ኑ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ያንኑ ዶ ሜጀር ግራ እጃችሁ ላይ ያዙ። ሚ እና ሶል ይገባሉ። ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም! ቀኝ እጃችሁ አንድ ነገር ይላል፣ ግራ እጃችሁ ሌላ ነገር። ጆሮ ይቆረቁራል። አብዛኛው የሠርግ ኪቦርዲስት ምን ያደርጋል? ዜማውን ትንሽ ያጣምምና ከኮርዱ ጋር ያስታርቀዋል። አንቺሆዬው በዚያችው ቅጽበት ሞተ ማለት ነው። ሰው ይጨፍራል፤ ማንም አያለቅስለትም።

ሙላቱ ራሱ በየቃለ መጠይቁ የሚያነሳው ጭንቀት ይሄው ነው። አምስት ኖታ ያለውን ቅኝት አሥራ ሁለት ኖታ ካለው የፈረንጅ ሙዚቃ ጋር ስታጋጥመው፣ የቅኝቱ ስሜት እንዳይጠፋ ምን ታደርጋለህ? በዚህ አልበም የሰጠው መልስ ጆሮ ለሰጠው ሰው ግልጽ ነው። ቤዙ በየመስመሩ ኮርድ እየቀያየረ አይሯሯጥም። አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል። ዜማው ከላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። ጃዙ የሚገባው በመሃል በሚቀሩት ክፍተቶች ነው፤ ቫይብራፎን የሚባለው የብረት መሣሪያ ጣል ያደርጋል፣ ሳክስፎኖቹ ተደራርበው ይመልሱና ዝም ይላሉ። ማንም ቅኝቱን «ላርምህ» አይለውም።

ኮንጋውም እንዲሁ በዘፈቀደ አልገባም። ችክችካ የሚባለው የኛ የጭፈራ ምት በስድስት ስምንተኛ፣ ማለት በየዙሩ ስድስት እየተቆጠረ ነው የሚመታው። ኩባዎችም ከአፍሪካ ይዘውት የሄዱት የስድስት ስምንተኛ ምት አላቸው። ሥሩ ቅርብ ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ ኮንጋ የኛን ዜማ ሲያጅብ ጆሮ የማይደነግጠው። እኔ ከኪቦርዴ ላይ «ላቲን» የሚለውን ምት መርጬ የአገር ቤት ዘፈን ስሞክርበት ግን ሰው ሁሉ «ምን ነካው?» ብሎ ዞር ይላል። የማሽኑ ላቲን የታሸገ ነው። የሙላቱ ኮንጋ እጅ አለበት።

አሁን ወደ ሥራዎቹ።

የመጀመሪያው በራሱ ስም የተሰየመው «ሙላቱ» ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ቤዙ ከባድ ነው፤ ዋ-ዋው ጊታር ከጎን ያጉረመርማል። ዋ-ዋ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው፤ የጊታሩን ድምፅ አፍ እንዳለው ነገር ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ፈንክ የሚባለው የዘመኑ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ መለያ ነበር። ይሄን ሥራ በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት አልሰማችሁትም። ግማሹ ቤዝ ነው፤ ስልክ ቤዝ አያወጣም። እኔ በደንብ የሰማሁት፣ ሳቅ ካላላችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው። ከአጂፕ ወደ ፈረንጅ አራዳ ስንሄድ ሹፌሩ ብሉቱዙን ፈቀደልኝ። ከኋላ ወንበሩ ሥር የቀበረው ሳጥን የሚባለው ስፒከር ወገቤን ሲመታው ያኔ ገባኝ። ሹፌሩም ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ስንደርስ ሒሳቡ ላይ አልቀነሰልኝም እንጂ።

«መስከረም ሲጠባ» አጭርና ቀለል ያለ ነው። ዜማው ሁላችንም የምናውቀው የዘመን መለወጫ ዜማ ነው። እዚህ ላይ ቫይብራፎኑን አድምጡ። ቫይብራፎን በመዶሻ የሚመታ የብረት ሰሌዳ ነው፤ ከየብረቱ ሥር ቱቦ አለ፤ ቱቦው አፍ ላይ በሞተር የሚዞር ክዳን አለ። ድምፁን እንዲያ የሚያወዛውዘው እሱ ነው። የኔም ኪቦርድ «ቫይብራፎን» የሚል ድምፅ አለው። መዶሻው አለ፣ መወዛወዙም አለ፤ ግን አንዱ ኖታ ከሌላው ጋር አየር ላይ ሲነካካ የሚፈጠረው ነገር የለም። ከሙላቱ በፊት ይሄን መሣሪያ አገራችን ውስጥ ማን ያውቀው ነበር? እሱ ነው ያስለመደን።

«ደወል» ላይ ብዙ አልቆይም። ጉልበት አለው፤ የነፋስ መሣሪያዎቹ ጥሩ ናቸው። ከሌሎቹ ጋር ሳስተያየው ግን ለጃዙ ትንሽ ያደላ ይመስለኛል።

ወደ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ስመጣ ግን ሥራዬ ነውና አትቸኩሉብኝ። ይሄን ዘፈን ስንት ሙሽራ ፊት እንደተጫወትኩት ቁጥሩን ትቼዋለሁ። እጄ ሳላስበው ይጫወተዋል። ሙላቱ ለዋሽንት ሰጥቶታል፤ ማለት ለፈረንጁ ዋሽንት፣ ለፍሉት። ከሥር ኮንጋው አለ። ከሁለት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ምንም የተጨመረበት ጌጥ የለም፤ ዜማው ራቁቱን ነው የቆመው። እኔ በኪቦርድ ስጫወተው በየኖታው መሃል ጌጥ እደረድርበታለሁ፤ እሱ ግን ትንፋሽ ነው የሚተውበት። ይሄን ከሰማሁ በኋላ ሠርግ ላይ እጄን መቆጠብ ጀምሬያለሁ። ሥራ የሚሰጡኝ ሰዎች ልዩነቱን አላስተዋሉትም፤ ለኔ ግን አለ።

አንድ ቀን ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ላይ ካሉት አዳራሾች በአንዱ ሳውንድ ቼክ፣ ማለት የድምፅ ሙከራ ላይ ነበርን። ታዳሚ ገና አልገባም። ስልኬን ሚክሰሩ ላይ ሰክቼ አልበሙን ለቀቅኩት። በጓሮው በር በኩል ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ። የመጀመሪያው ሥራ እንደጀመረ አንዷ ብቅ ብላ «ወንድሜ፣ ዜና ሊጀምር ነው እንዴ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። አይፈረድባትም። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ዘፋኝ የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የሚሠራ ሙዚቃ አገራችን ውስጥ ሲሠራ የኖረው በአብዛኛው የሬዲዮ ፕሮግራም መግቢያና መሸጋገሪያ ሆኖ ነው። ሰው ጆሮ ውስጥ «ሊጀምር ነው» የሚል ምልክት ሆኖ ቀርቷል።

«ኩሉን» ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት እትዬ አሉ፤ የሽንኩርቱ አለቃ እሳቸው ናቸው። ቢላዋቸውን እንደያዙ መጡና ከፍሉቱ ጋር መዝፈን ጀመሩ። ግጥሙን ያወርዳሉ፤ ተቀባዩ መምጣት ያለበት ቦታ ላይ ያቆማሉ፤ ይጠብቃሉ። የሚመጣ የለም። ፍሉቱ ይቀጥላል። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፦

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጥሩ አድርጎ ያወርዳል። የሚቀበለው ማነው?»

«ኮንጋው ነው እትዬ» አልኳቸው።

«እሱ ያጨበጭባል እንጂ መቼ ይቀበላል!» ብለው ሳቁብኝና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ስለዚህ አልበም ያነበብኩት የፈረንጅ ትችት ሁሉ ይሄን አልነገረኝም። እትዬ እውነታቸውን ነው። የሠርግ ዘፈን ሁለት ወገን አለው፤ የሚያወርድና የሚቀበል። ሙላቱ የወሰደው የሚያወርደውን ብቻ ነው። የጃዝ ሰው በዜማ ያስባል፤ የኛ ሰው በእልልታና በጭብጨባ ይመልሳል። ያ መልስ አልበሙ ላይ የለም። ሳክስፎኖቹ እንኳ በሌሎቹ ሥራዎች ላይ ይመልሳሉ፤ እዚህ ላይ ዝም ብለዋል። ኒውዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ አምስት ስድስት እናቶች ከየት ይምጡ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ቢኖሩ ኖሮ እያልኩ መመኘቴን አልተውኩም።

«ካሳለፍኩት ሁሉ» የአልበሙ ልብ ነው። ሳክስፎኑ ማንንም አይጮኽበትም። ዝግ ያለ ነው፤ ትካዜ አለው። የሌሊት ሙዚቃ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ ስሙት፤ ሰው ያለበት ቦታ አታባክኑት። «ሙናዬ» ደግሞ ሞቅ ይላል። የኔ ቅሬታ ገና ትከሻ መነቅነቅ ሲጀምር ማለቁ ነው። ድሮ ሸክላ ላይ ቦታ ጠባብ ነበር፤ ይገባኛል። ቢሆንም አንድ ሁለት ዙር ቢጨምር ምን ነበረበት?

የመጨረሻው «ጭፈራ» ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከሁሉም ይረዝማል። ሙዚቀኞቹ የተፈቱት እዚህ ላይ ነው። ቤዙ ያችኑ ሐረግ ይመላለሳል፤ ከላይ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ቅድም ያልኩት ዘዴ ሙሉ በሙሉ የሚታየው በዚህ ሥራ ነው። ቤዙ ስላልተንቀሳቀሰ ላይ ያሉት እንደፈለጉ ይሄዳሉ፤ ቤዙ ስላለ ደግሞ ከቅኝቱ አይርቁም። ለተማሪ ኪቦርዲስት አንድ ሥራ ብቻ ስጠኝ ብትሉኝ ይሄን እሰጣችኋለሁ። ግራ እጃችሁን ከአውቶማቲኩ አውጡ፤ ያችን የቤዝ ሐረግ ብቻ ያዙ፤ ቀኝ እጃችሁን በቅኝቱ ውስጥ ልቀቁት። ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ ሞክሩት።

ሠርግ ላይስ ይሠራል? ይሠራል፣ ሰዓቱን ካወቃችሁ። ለጭፈራ አይሆንም፤ የመጨረሻው ሥራ ስሙ አያታላችሁ። ለምሳ ሰዓት ግን ወደር የለውም። ሰው ሰልፍ ይዞ ምግብ ሲያነሳ፣ ሲበላ፣ ጎን ለጎን ሲያወራ ከሥር ይሄዳል። ድምፁን መቀነስ አያስፈልገውም፤ ወሬ አይሻማም። አንድ ሙሽራ ይሄንኑ ጠይቆኝ ከአልበሙ አራቱን በምሳ ሰዓት ለቅቄለታለሁ። አባቱ «ይሄ ልጅ ዛሬ ኪቦርዱ ተበላሸበት?» ብለው ጠይቀዋል አሉ። ሙሽራው ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ሒሳቡንም የከፈለው እሱ ነው።

አሁን እንደ ጅማ ሰው አንድ ቅሬታዬን ልተንፍስ። ጅማ የተወለደ ሰው የሠራው አልበም ነው፤ ጅማ ግን ውስጡ የለችም። እዚህ ከተማ ያደገ ልጅ ጆሮው ላይ የሚቀር ድምፅ አለ። የኦሮምኛው ዘፈን አለ፤ መንዙማው አለ፤ ሐሙስ ገበያ ሂርማታ ሲሞላ የሚሰማው ድብልቅልቅ አለ። ከሰባቱ ሥራዎች ውስጥ የዚህን ጠረን ፈልጌ አላገኘሁም። ገና በልጅነቱ እንደሄደ አውቃለሁ፤ ልከሰውም አልፈልግም። ግን ያ ግራ እጅን የመግታት ዘዴ፣ ያ የቤዝ ምልልስ፣ መንዙማ ሥር ቢገባ ምን ይሆን ነበር? የድቤው ምት ከኮንጋው ጋር ቢገናኝስ? ይሄ ሥራ እስካሁን ሜዳ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ጊታር ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ፤ ለነሱ ነው የምናገረው።

ለዓለም ሙላቱን ያስተዋወቀው ሌላ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳይ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ ቁጥር አራት ነው፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ ሙዚቃዎቹ ሲገቡ ስሙ ከዳር ዳር ተሰማ። ጀማሪ ከሆናችሁ እሱም ጥሩ መግቢያ ነው። እኔ ግን ይሄኛውን አስቀድማለሁ፤ ሐሳቡ ከእጁ ገና እንደወጣ ትኩስ ነው።

የት ታገኙታላችሁ? የ1972ቱን ሸክላ እርሱት፤ ሰብሳቢዎች በስንት ዋጋ እንደሚሸጡት አትጠይቁ። ስትረት የሚባለው የለንደን አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2017 አድሶ አውጥቶታል፤ በዚያ በኩል የወጣው ድምፁ ንጹሕ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉም የሱን ምረጡ። መርካቶ ፍላሽ ላይ ከሚጭኑት ልጆች ጋር ከሄዳችሁ «ሙላቱ አለህ?» አትበሏቸው። «አለ» ብለው ከአሥር ቦታ የተለቃቀመ፣ ስሙ የተሳሳተ፣ እየተኮረጀ ድምፁ የሳሳ ነገር ይጭኑላችኋል። አልበሙን ራሳችሁ አውርዳችሁ ሂዱና መኪና ውስጥ በሚሠራ መልኩ ብቻ ይገልብጡላችሁ። ሰባቱም በተራቸው ይሁኑ። «ካሳለፍኩት ሁሉ» «ጭፈራ»ን ተከትሎ ከመጣ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።